«ሲስ»ና «ትራንስ»ን ሸምድጄ የጣልኩት ነጥብ

የደጀን ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ «ማዶ» ማለት ለእኔ ጎሐ ጽዮን ነበር። አክስቴን ልጠይቅ ዓባይን ተሻግሬ ስሄድ ግን እዚያ ያሉ ልጆችም ወደ ደጀን እያመለከቱ «ማዶ» ይላሉ። ይህን ከልጅነቴ እያወቅሁ ግቢ ገብቼ ሲስና ትራንስን መሳቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ የደረሳችሁ ልጆች ይህ እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ኬሚስትሪው አላስቸገረኝም። በድርብ ቦንድ የተያያዙ ሁለት ካርቦኖች እንደ ልብ አይሽከረከሩም። ስለዚህ የሚነጻጸሩት ሁለት ቡድኖች በቦንዱ አንድ ወገን ከሆኑ ሲስ፣ በተቃራኒ ወገን ከሆኑ ትራንስ ይባላል። ማሌይክና ፉማሪክ አሲድ አተሞቻቸው እኩል ናቸው፤ ሲሱ ማሌይክ በ135 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ ትራንሱ ፉማሪክ ግን እስከ 287 ገደማ ይቆያል። ሃንድአውታችን «ትራንስ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የተረጋጋ ነው» ይላል፤ ልክ ነው። እኔ «ብዙውን ጊዜ» የሚለውን ትቼ «ትራንስ ማለት የተረጋጋ» ብዬ ሸመደድኩ።

ጉዱ የመጣው ጄኔቲክስ ላይ ነው። መምህራችንን «ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ፍቺው ሃንድአውት ላይ አለ፣ እሱን ያዝ» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ ከሱ ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ። ፋይናል ላይ «አንድ ጂን ላይ ያሉ ሁለት ሪሴሲቭ ሚውቴሽኖች በትራንስ ሲገኙ ውጤቱ ምን ይሆናል?» የሚል መጣ (ሪሴሲቭ ሚውቴሽን ማለት ሌላ ደህና ቅጂ እስካለ ድረስ የማይታይ የጂን ስሕተት ነው)። ያለ ማመንታት «ትራንስ የተረጋጋ ስለሆነ ጤነኛ ይሆናል» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቴን ለማየት ሦስት ቀን ቢሮ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ኃላፊው የለም፣ ቀጥሎ ወረቀቱ ተቆልፎበታል፤ በሦስተኛው ቀን ቆሜ አየሁት። ቀይ ኤክስ ብቻ፣ አንዲት ቃል ማብራሪያ የለም። ውጤት መለጠፍ በቂ ነው የሚሉ ሰዎች ተማሪ የት እንደሳተ በምን እንዲያውቅ ይፈልጋሉ?

መልሱን ያገኘሁት ማታ ዶርም ውስጥ፣ የአንድ መዝሙረ ዳዊት ሁለት ቅጂ በዓይነ ኅሊናዬ አስቀምጬ ነው። ጂንም እንዲሁ ነው፤ ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ቅጂ ይወረሳል። ሁለቱ ስሕተቶች አንደኛው ቅጂ ላይ ከተጠራቀሙ ሲስ ነው፤ ሌላው ሙሉ ነውና ከሱ ይነበባል፣ ልጁም ጤነኛ ነው። አንዱ ስሕተት እዚህ፣ ሌላው እዚያ ከሆነ ግን ትራንስ ነው፤ ሙሉ ቅጂ አልቀረም። ስሕተቶቹ የተለያዩ ጂኖች ላይ ቢሆኑ ኖሮ ለየጂኑ አንድ ደህና ቅጂ ስለሚተርፍ ትራንስም ቢሆን ጤነኛ ይሆን ነበር። የጄኔቲክስ ተመራማሪው ሲሞር ቤንዘር በፋጅ (ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ) ላይ ይህንኑ ሙከራ ሠርቶ ለጂን አሃድ «ሲስትሮን» የሚለውን ስም ያወጣው ከነዚሁ ሁለት ቃላት ነው።

ቃሎቹ ላቲን ናቸው፤ ሲስ «ወዲህ»፣ ትራንስ «ማዶ»። ሮማውያን ከአልፕስ ወዲህ ያለውን የጎል አገር ሲሳልፒና፣ ማዶውን ትራንሳልፒና ይሉት ነበር። ይህን አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ቢነግረኝ ኖሮ አልሳሳትም ነበር፤ «ከምን ወዲህ? ከምን ማዶ?» ብዬ እጠይቅ ነበራ። ኬሚስትሪ ላይ ወንዙ ድርብ ቦንዱ ነው፤ ጄኔቲክስ ላይ ጥያቄው አንድ ክሮሞሶም ላይ ናቸው ወይስ በሁለቱ ተለያይተዋል ነው።

ስለዚህ የኮርሱን ፍቺ ከመሸምደዳችሁ በፊት የቃሉን ትርጉም ያዙ፤ መምህሩ አያስፈልግም ቢላችሁም። «ይህ ጂን ሲስ ነው» ብላችሁ ብቻውን አትጻፉ፤ ሁልጊዜ የሁለት ነገሮች አቀማመጥ ነው። በኋላ ላክ ኦፔሮን (ባክቴሪያ የወተት ስኳር የሚጠቀምባቸው ጂኖች ከነመቆጣጠሪያቸው) ስንማር ይህ ጠቅሞኛል፦ ኦፔሬተሩ፣ ማለትም ሪፕሬሰሩ የሚያርፍበት የዲኤንኤ ቦታ፣ የሚያዘው አብሮት ያለውን ዲኤንኤ ብቻ ስለሆነ ሲስ፤ ጂኖቹን የሚያግደው ሪፕሬሰር ፕሮቲን ግን ተንሳፍፎ ሌላው ዲኤንኤ ዘንድ ስለሚደርስ ትራንስ። ያንን ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። የጄኔቲክሱ ሲ ግን ትራንስክሪፕቴ ላይ እንዳለ አለ።