ሁለት ኪኒን በአንድ ምሽት

ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለብኝ ሲነገረኝ መጀመሪያ የታዘዘልኝ ሜትፎርሚን ነበር። ባለ 500 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ የሚጨመር። እኔ ግን ስኳሬ ቶሎ እንዲወርድልኝ ጓጉቼ በሦስተኛው ቀን ሁለት ዋጥኩ፣ ያውም በባዶ ሆዴ። ቀኑን ሙሉ ሲያቅለሸልሸኝና ሲያስቀምጠኝ ዋለ። አልተስማማኝም ብዬ ልተወው ስል ሐኪሜ «ቀስ ይበሉ፣ ከምግብ ጋር ይውሰዱት» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ፤ ሆዴ ለመደው።

ከወራት በኋላ ግሊቤንክላሚድ የሚባል ሌላ የስኳር ኪኒን ተጨመረልኝ፤ ጠዋትና ማታ። አንድ ቀን የጠዋቱን ረሳሁት። ማታ ትዝ ሲለኝ ለማካካስ ሁለቱን አንድ ላይ ዋጥኳቸው። ደክሞኝ ስለነበር እራትም በቅጡ አልበላሁም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ትራሴ በላብ ርሷል። ልቤ ይመታል። እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ስትሪፑን የስኳር መለኪያው ውስጥ ለማስገባት ሦስቴ ሞከርኩ። 52 አለኝ፤ ስኳሬ ዝቅተኛው ልክ ከሚባለው ከ70 በታች ወርዷል ማለት ነው። ባለቤቴ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 78 ደረሰ። ምግብም በላሁ፣ ምክንያቱም ይህ ኪኒን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩን መልሶ ሊጥለው ይችላል። እንቅልፍ ግን የለም፤ እስኪነጋ ድረስ ስንለካ አደርን።

ሲነጋ ሐኪሜ ያስረዳችኝን መጀመሪያውኑ ብጠይቅ ኖሮ! ሁለቱም የስኳር ኪኒን ይባላሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል፤ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላሚድ ግን ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ይገፋዋል፤ በላህ አልበላህ ግድ የለውም። ስለዚህ ምግብ መዝለል አይቻልም። የረሱትንም ደርቦ መዋጥ የለም።

አሁን ኪኒኖቼን በየቀኑ በተከፋፈለ ሳጥን አስቀምጣለሁ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ውጫለሁ፣ አበቃ። ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝልኝም የምወስደውን ሁሉ ለፋርማሲስቷ አሳያለሁ። ለሽንት ኢንፌክሽን የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል እንኳ ከግሊቤንክላሚድ ጋር ሲገጥም ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ሲያስታውከኝ ወይም ሲያስቀምጠኝ ለሐኪሜ እደውላለሁ፤ ሰውነት ፈሳሽ አጥቶ ኩላሊት ሲደክም ሜትፎርሚን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ኩላሊቴን በየዓመቱ እታያለሁ። ቫይታሚን ቢ12ንም አስመርምሬያለሁ፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሊቀንሰው ይችላል፣ እጥረቱ የሚያመጣው የእግር መደንዘዝ ደግሞ በስኳሩ ይሳበባል።

አልጋዬ አጠገብ ስኳርና ውሃ አይጠፋም። ለቤተሰቤም ነግሬያለሁ፦ ስኳሬ ሲወርድ ነቅቼ ከሆነ ስኳር በጥብጣችሁ አጠጡኝ፤ ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ።