አንቴና አትቁጠሩ፣ መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንዲት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚሆን ራውተር መርጦ ለመትከል ግማሽ ቀን ይበቃል። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ፤ ራውተርም ሁለት ገዛሁ። ጥፋቱ የተጀመረው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነትና የአንቴናውን ብዛት አይቼ ከፍዬ ስወጣ ነው። ዕቃውን ገልብጬ ከኋላው ያሉትን ቀዳዳዎች ብመለከት ኖሮ የቀረው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ 40 ካሬ አይሞላም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉና ጣሪያው አርማታ ነው። ፋይበሩ የሚገባው በመግቢያው በር በኩል ስለሆነ፣ መሥመሩን የዘረጋው ባለሙያ ኦኤንቲ የሚሉትን፣ የፋይበሩን ብርሃን ተቀብሎ በገመድና በዋይፋይ የሚያድለውን ነጭ ሳጥን እዚያው ከቆጣሪው አጠገብ ሰቀለው። በሩ ሲከፈት የብረት መዝጊያው ሳጥኑን ይጋርደዋል። መኝታ ቤቱ በሌላኛው ጫፍ ነው፤ በመካከል ሁለት ግድግዳ፣ መታጠቢያ ቤትና ፍሪጅ አለ። «ሳጥኑ ካለበት አይነሳም፤ ካልደረሰልህ ትልቅ ራውተር ግዛ» ተባልኩ።

ምክሩ ግማሹ ልክ ነው። ፋይበር የብርጭቆ ክር ስለሆነ በራሳችሁ አትንኩት። ጠበብ አድርጋችሁ ካጠፋችሁት ብርሃኑ ያመልጣል፣ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወረፋ ጥበቃ ነው። «ትልቅ ራውተር» የሚለው ግን ያሳስታል። ራውተር የሚያሰራጨው ኃይል በደንብ የተገደበ ነው፤ አንቴና ስለበዛ ግድግዳ አይበሳም። ደግሞም ግንኙነቱ የሁለት ወገን ነው። ራውተሩ እስከ መኝታ ቤት ቢጮህ እንኳ፣ ስልካችሁ የሚመልሰው በራሱ ትንሽ አንቴና ነው። ራውተሩ ካልሰማው ስልኩ ላይ ሙሉ ምልክት እያሳየ ገጹ አይከፈትም።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል። የዋይፋይ ጥንካሬ የሚያሳይ ነጻ አፕ ስልክ ላይ ጫኑና በየክፍሉ ቆማችሁ ቁጥሩን ጻፉ። መለኪያው ዲቢኤም ይባላል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ከ-50 እስከ -65 ከሆነ ጥሩ ነው። -70 ካለፈ ቪዲዮ መቆራረጥ ይጀምራል፣ -80 ላይ ከሞላ ጎደል ምንም አይሠራም። እኔ ቤት ሳሎን -48፣ መኝታ ቤት -76 ነበር። ይህን የለካሁት ግን የመጀመሪያውን ራውተር ከገዛሁ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ግዢው። ሻጩን «ለፋይበር ይሆናል?» አልኩት። «ለሁሉም ይሆናል ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። አራት አንቴና ነበረው። ቤት ገብቼ ሳየው ከኋላው አራት ቢጫ ቀዳዳና አንዲት ጠባብ ግራጫ ቀዳዳ አለው። በጠባቧ ላይ «ዲኤስኤል» ተብሎ ተጽፏል። ይህ በመዳብ የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት ለሚቀበሉ የተሠራ ሞደም ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚጠብቀው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከኦኤንቲው የሚወጣው ገመድ ጫፉ ሰፊና ባለ 8 ጥርስ ሲሆን፣ የስልኳ ቀዳዳ ጠባብ ናት፣ ጥርሷም ከ2 እስከ 4 ነው። አይገጥሙም። ለፋይበር የሚያስፈልገው ከሌሎቹ በቀለም የተለየ፣ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» የሚል ሰፊ ቀዳዳ ያለው ራውተር ነው።

እኔ ገመዱን ከቢጫዎቹ በአንዱ ሰካሁት። ሠራ። ያሳሳተኝም ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉም ነገር ደኅና ነበር። ከዚያ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ ላፕቶፑ ሲጠፋና ሲበራ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ እምቢ ይላል። የቅንብሩን ገጽ ለመክፈት 192.168.1.1 ስጽፍ አንዳንዴ የኦኤንቲው፣ አንዳንዴ የአዲሱ ሳጥን ገጽ ይመጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሁለቱም ሳጥኖች ከፋብሪካ የወጡት በአንድ አድራሻ ነው፤ ሁለቱም 192.168.1.1 ነን ይላሉ። ከዚያም በላይ ሁለቱም ለስልኮች አድራሻ ያድላሉ፤ ይህ ዲኤችሲፒ የሚባለው ሥራ ነው። አዲስ ስልክ ሲገባ መጀመሪያ የመለሰለትን ይቀበላል። ኦኤንቲው ከቀደመ ስልኩ ኢንተርኔት ያገኛል። አዲሱ ሳጥን ከቀደመ ግን «መውጫው በእኔ በኩል ነው» ይለዋል፤ የእርሱ መውጫ ደግሞ ምንም ያልተሰካባት የስልክ ቀዳዳ ናት። አንድ ቤት ውስጥ አድራሻ አዳይ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው ሦስት ሳምንት የሄደው።

ኢንተርኔቱን ወደሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው መስኮት «መሥመሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ የራስህ ዕቃ ነው» አለኝ። እውነት ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሁለተኛው «ኦኤንቲው ብሪጅ ካልተደረገ ሌላ ራውተር አይሠራም፣ ማመልከቻ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። በሳምንቱ ስመለስ መሥመሩ በአከራዬ ስም ስለሆነ እሳቸው መታወቂያ ይዘው ይቅረቡ ተባለ። እሳቸው ደግሞ ፍኖተ ሰላም ናቸው። እስኪመጡ ጠበቅን፣ መጡ፣ ያን ቀን የሚሠራው ባለሙያ መስክ ወጥቶ ነበር። ትልቅ ሰው ለከንቱ መንገድ ማስመታቴ ከገንዘቡ በላይ ነው ያናደደኝ፤ ብሪጁ ጭራሽ አያስፈልግም ነበርና።

ብሪጅ ማለት ኦኤንቲው ብርሃኑን ወደ ገመድ መቀየር ብቻ እንዲሠራ፣ የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይዞ ከአቅራቢው ጋር መገናኘቱን ደግሞ የእናንተ ራውተር እንዲረከብ ማድረግ ነው። የሚጠቅመው ቤት ውስጥ ያለ ካሜራን ወይም ሰርቨርን ከውጭ በቀጥታ ለሚከፍት ሰው ነው። ዩቲዩብ ለሚያይ፣ ቴሌግራም ለሚጠቀም፣ በዙም ለሚሠራ ቤተሰብ ምንም አይጨምርም። «ብሪጅ ግድ ነው» ከተባላችሁ አትቀበሉ፤ ሁለተኛውን ሳጥን ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ ማድረግ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው።

አሠራሩን ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ያዙ። አዲሱን ሳጥን ከኦኤንቲው ለዩትና በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ብቻ አገናኙት። 192.168.1.1 ከፍታችሁ መጀመሪያ የላን (የቤት ውስጥ መረቡን) አድራሻ ቀይሩ። ምን እንደምትሰጡት ከመወሰናችሁ በፊት ኦኤንቲው ከስንት እስከ ስንት እንደሚያድል በገጹ ላይ እዩ። ከ2 እስከ 254 የሚያድል ከሆነ ከ10 እንዲጀምር አድርጉትና ለአዲሱ ሳጥን 192.168.1.2 ስጡት። ሳጥኑ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ በአዲሱ አድራሻ ግቡ፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል አስተካክሉ፣ በመጨረሻ ዲኤችሲፒውን አጥፉ። ዲኤችሲፒውን ቀድማችሁ ካጠፋችሁ ላፕቶፑ አድራሻ የሚሰጠው ያጣል፣ ገጹም አይከፈትም። እንዲያ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ በእጅ 192.168.1.50፣ ማስኩን 255.255.255.0 ጻፉና ግቡ። ከዚያ ከኦኤንቲው ላን ወደ አዲሱ ሳጥን ቢጫ ቀዳዳ ገመዱን ሰኩ። ጠባቧ ባዶ ትቀር። ብዙዎቹ አዳዲስ ራውተሮች «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱን ከመረጣችሁ ይህን ሁሉ በራሳቸው ያደርጉታል፣ ገመዱም ዋን ቀዳዳው ላይ ይሰካል።

ሳጥኑ እንዲህ ተስተካክሎ ሠራ፤ መኝታ ቤቱ ግን አልተሻሻለም። የገዛሁት ኤን 300 የሚባለው ነበር፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። 2.4 ግድግዳ ስለሚያልፍ የላይኛውም የታችኛውም ጎረቤት ዋይፋይ እናንተ ቤት ይገባል፤ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ከደርዘን በላይ ቤት በሦስት ጠባብ መንገድ ይጋፋል። ሌላኛው የዋይፋይ ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ለትንሽ ቤት ግን ድክመቱ ጥቅም ነው፣ የጎረቤት ምልክት ብዙም አይደርስባችሁምና። ለሰፊ ግቢና ለጭቃ ቤት ቢሆን ሌላ ምክር እሰጥ ነበር። ለኮንዶሚኒየም ግን 5 የሌለውን ራውተር በነጻም ቢሰጧችሁ አትትከሉት።

ሁለተኛ የገዛሁት ራውተር ኤሲ 1200 ነው። ቁጥሩ የ2.4ው 300 እና የ5ቱ 867 ተደምረው ወደ ላይ የተጠጋጉበት ነው፤ አንድ ስልክ ድምሩን በአንድ ጊዜ አያገኝም። ዋን ቀዳዳው ጊጋቢት ቢሆን መልካም ነው፤ የምትከፍሉበት ጥቅል ከ100 ሜጋ በታች ከሆነ ግን ባለ 100ውም አያጎድልባችሁም። ከኤሲ የሚቀጥለውን ትውልድ፣ ዋይፋይ 6ን፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነና ስልካችሁ ከተቀበለው ብቻ ግዙ። ለ40 ካሬ ሜሽ (እየተቀባበሉ የሚያሰራጩ ብዙ ሳጥኖች) መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በአንድ ባንድ (በ2.4 ብቻ ወይም በ5 ብቻ) የሚሠራ ሪፒተር ደግሞ የተቀበለውን በዚያው አየር ስለሚመልስ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ አትግዙ። በሲም የሚሠራ ከፈለጋችሁ ለአንድ ኦፕሬተር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ሱቁ ውስጥ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ አረጋግጡ። የትኛውንም ሳትከፍሉ በፊት ገልብጡና የታችኛውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። መርካቶ ገዝቶ መልሶ መቀየር ማለት ዓባይ በረሃን ሁለት ጊዜ ማቋረጥ ነው።

ቤቱን የለወጠው ግን ከራውተሩ ይልቅ 12 ሜትር ገመድ ነው። ፋይበሩን ሳልነካ ከኦኤንቲው በግድግዳው ጥግ ኮሪደሩ ድረስ የካት 5ኢ ገመድ ዘረጋሁ፤ ራውተሩን ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከወለል 2 ሜትር ገደማ አስቀመጥኩት። ገመድ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚንየም ነው፣ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ተዉት። ጫፉን የሚገጥምላችሁ ሰው ስምንቱንም ክር ይጠቀም፤ አራት ብቻ ካሰረ ፍጥነቱ ከ100 ሜጋ አያልፍም። ቅደም ተከተሉ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፦ ነጭ በብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ በቡኒ፣ ቡኒ። የኦኤንቲውን ዋይፋይ አጠፋሁት። መኝታ ቤት በ5 ጊጋኸርዝ -57 ሆነ።

ሁለቱን ባንዶች በአንድ ስም አዋህዱ የሚለውን የመመሪያ ምክር አልተከተልኩም። ስልክ አንዴ 2.4 ላይ ከተጣበቀ ለመላቀቅ ይዘገያል። በሁለት ስም ለዩአቸው፤ አሮጌ ስልክና ፕሪንተር 2.4 ላይ ይቅሩ። የራውተሩን የቅንብር ገጽ የመግቢያ የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ደብልዩፒኤስን (የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ሳይጽፉ የሚያገናኘውን) አጥፉ።

መብራት ሲጠፋ ፋይበሩ አይጠፋም፤ ከማዕከሉ እስከ ቤታችሁ ባለው መንገድ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር የለበትም። ሁለቱን ሳጥን ማቆየት ከቻላችሁ ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። ለዚህ ለራውተር የሚሠራው ትንሽ ባትሪ አለ። 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ቁጥር በ3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከብክነቱ በኋላ 26 ያህል ይቀራል። ኦኤንቲውና ራውተሩ አብረው ከ10 እስከ 12 ዋት ስለሚበሉ ሁለት ሰዓት ከትንሽ ያቆያችኋል። ሻጩ ስምንት ሰዓት ቢላችሁ አትመኑ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ኦኤንቲው 12 ቮልት ሆኖ ራውተሩ 9 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ መሰኪያቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። 9ኙን በ12 ከሰካችሁ ሊቃጠል ይችላል። ሁለቱን ገመዶች በማርከር ጻፉባቸው። ጠዋት ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ አይጎዳውም። የሚጎዳው ጠፍቶ ሲመለስ በድንገት የሚመጣው ነው፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ 5 ደቂቃ አቆዩት። በክረምት፣ ከጮቄ በኩል ነጎድጓዱ ሲነሳ፣ በመዳብ ስልክ መሥመር የምትጠቀሙ የስልክ ሽቦውንም ንቀሉ፤ መብረቁ በእሱም ይገባል። ብርጭቆው ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከክሩ ጋር አብሮ የሚመጣው የብረት ሽቦ ግን ያስተላልፋል፤ እሱ ውጭ ታስሮ ተቆርጦ መቅረቱን ባለሙያው ሳይሄድ በዓይናችሁ እዩ።