ጄኔራሉ ዛፍ

ዛሬ ደሴ ጉም ውስጥ ነው የዋለችው፣ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም፣ እኔም ጋቢ ደርቤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ በሩ ጋ ያለውን ባዶ ቦታ ሳይ ዋልኩ። ባህር ዛፉ ከተቆረጠ ሁለት ክረምት ሆነው። ያየን ሁሉ ግራቪሊያ ትከሉበት ይለናል፣ ቶሎ ያድጋል፣ እውነት ነው፣ ግን እኔ ልቤ ቤጂንግ ቀርቷል።

አምና ለስልጠና ሄጄ አንድ እሁድ ቤይሃይ ፓርክ አጠገብ ቱዋንቼንግ የሚባል ግቢ ገባሁና አንድ ዛፍ አየሁ። መጀመሪያ ግንዱን ኖራ የቀቡት ነበር የመሰለኝ፣ ጠጋ ስል ለካ ራሱ ነው ነጭ፣ ቅርፊቱ እንደ ቅርፊት ሳይሆን እንደ ቁራጭ ወረቀት እየተላጠ ይወድቅና ከስሩ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ ወይን ጠጅ ነገር ብቅ ይላል፣ ዝንጉርጉር በቃ የወታደር ልብስ። ቺያንሎንግ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ነው አሉ ‹ነጭ ካባ ለባሹ ጄኔራል› ብሎ የሾመው። ዛፍ ተሾመ! ንጉሥ ሚካኤል በነገሡበት ከተማ ላደገ ሰው ይሄ ደስ ይላል፣ እኛም ጋ ቢሆን ደጃዝማች ይባል ነበር።

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። በሳይንስ ስሙ ፓይነስ ቡንጂያና ነው የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1831 ቤጂንግ ላይ ባየው ቡንጌ በሚባል የእጽዋት ተመራማሪ ስም። መርፌ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው። ቻይናዎች ቤተ መቅደስና መቃብር ግቢ ይተክሉታል፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሀበሻ ጥድ እንደምናየው ማለት ነው (የቅርብ ዘመዱ ግን አይደለም፣ የኛ ጥድ ልጡ እንደ ክር ረጅም ሆኖ ነው የሚላጠው)።

የከበደኝ ግን ዝግታው ነው። ልጅ እያለ ግንዱ አረንጓዴ ግራጫ ነገር ነው፣ ያ ነጩ የሚመጣው ስንት አስርት ዓመት ቆይቶ ነው። ለእማ ይሄን ስነግራት ከዛ መሬት ላይ ያነሳኋትን ደብተሬ ውስጥ ያለችውን የቅርፊት ቁራጭ ተቀብላ ወደ ብርሃን ዞር አድርጋ አየቻት፣ ቆየች፣ ‹እና ለማን ነው የምትተክይው?› አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ‹አብሽሪ› ብላኝ ወጣች።

ችግኙንም ገና አላገኘሁም፣ የጠየኳቸው ችግኝ ሻጮች አያውቁትም።

አመሻሽ ላይ ስወጣ እማ ባዶው ቦታ ላይ ድንጋይ በክብ ደርድራለች። ከግንቡ አራት እርምጃ አርቃ። ሲሰፋ አጥሩን እንዳይገፋ ነው አለችኝ።