«ተነስቷል እኮ፣ ማሚ!»

በ2016 ዓ.ም. የፈረንጆቹ ፋሲካ መጋቢት 22 ዋለ፣ የኛው ሚያዝያ 27። አምስት ሳምንት ሙሉ! ይሄን ለስድስት ዓመት ልጅ አስረዱ ብትባሉ ምን ትሉ ነበር? እኔ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያናችን የበዓላት ቀን ማውጫ ስሌት) ብዬ ጀምሬ መሃል ላይ ራሴው ጠፋሁ።

ነገሩን ያመጣችው ጎረቤታችን ናት። እዚህ ቨርጂኒያ በነሱ ፋሲካ ልጄን ከልጆቿ ጋር ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰደቻት፤ ሣር ውስጥ የተደበቀ የፕላስቲክ እንቁላል ፍለጋ። ሁሉም ውስጥ ከረሜላና ቸኮሌት አለ፣ አንዱ ግን ባዶ። «ዋናው ባዶው ነው» አለችኝ ልጄ ስትመለስ፣ «መቃብሩ ባዶ ነው ማለት ነው። ጂሰስ ተነስቷል።» እውነት ለመናገር ቀናሁ። እኔ «ጾም ነው» ከማለት በቀር ምን ነግሬያት አውቃለሁ? ቸኮሌቱን ግን ደበቅኩት። ሰባት ዓመት ስላልሞላት ጾሙ እንደማይመለከታት አውቃለሁ፣ እጄ እንቢ አለኝ እንጂ።

ስቅለት ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ይዣቸው ሄድኩ። «ኪርያላይሶን» እየተባለ ይሰገዳል፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ እንባዬም መጥቷል። ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ ያውም ጮክ ብላ፣ «ማሚ፣ ለምን ታለቅሻለሽ? ተነስቷል እኮ!» ከፊታችን የነበሩ እናት ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጥብጠባ ላይ ደግሞ ቄሱ በወይራው ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ ሲያደርጉኝ ትንሹ «እናቴን አትምታት!» ብሎ እሪ አለ። (አንቱታ ገና አልደረስንም።) እሱንም በቅጠሉ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ጸጥ።

ማታ እንደገና ሞከርኩ። «አያትሽ ያረፈችበት ቀን ሲመጣ አለቅስ የለ? እንደዛ ነው።»

አሰብ አድርጋ፣ «አያቴ ግን አልተነሳችም» አለች።

መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ቀለለልኝ። ቤተ ክርስቲያን የታደለንን ቀጤማ ግንባሯ ላይ እያሰርኩላት፣ ርግቧ ለኖኅ ቅጠል ይዛ የውኃውን መጉደል እንዳበሰረች ነገርኳት፤ ወዲያው ገባት። ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ግን ሁለቱም ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለው እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ገብተን ዶሮ ወጡን አቀረብኩ። እንቁላሏን አንስታ በጣቷ ለሁለት ከፈለችውና አስኳሉን አፍጥጣ አየችው።

«ማሚ፣ የኛ ባዶ አይደለም።»

መልስ ስፈልግ ትንሹ እጁን ሰዶ አስኳሉን ላጥ አድርጎ ዋጠው። ይጣላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ቀይ ወጥ የነካውን ነጩን ወደኔ አንስታ አሳየችኝ።

«አሁን ባዶ ሆነ!»