ብራይስ ካንየንን በጉም ማንሳት፦ እስካሁን የያዝኩት

ላስ ቬጋስ ሆናችሁ ካሜራ ለጀመራችሁ፦ ዩታ የሚገኘው ብራይስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሰሞኑን የምለማመደው እዚያ ጉም ውስጥ ማንሳት ነው።

የገደሉ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,700 ሜትር ይደርሳል። በረሃ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትሄዱ፤ ከፍታው ከአዲስ አበባ አያንስም። ዝናብ ወይም በረዶ ጥሎ ሌሊቱ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ፣ ቀዝቃዛው አየር ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ ይከድነዋል። ያኔ ጉሙ ገደሉ ውስጥ እንደታቆረ ያድራል። ስለዚህ የምሄድበትን ቀን የሚወስንልኝ የአየር ትንበያው ነው።

ሁዱ የሚባሉት የድንጋይ ዓምዶች በዋናነት የውርጭ ሥራ ናቸው። ቀን የቀለጠው በረዶ ስንጥቅ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሌሊት ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ አለቱን ይፈለቅቀዋል። ዝናቡ ደግሞ የኖራ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ጠንከር ያለው ንብርብር አናት ላይ ይቀርና ከሥሩ ያለው ይቀጥናል፤ ሰንሴት ፖይንት ከተባለው መመልከቻ በታች ያለውን ቶርስ ሀመር የሚባል ዓምድ ያየ ይገባዋል። ዓምዶቹ ከግድግዳ የተፈለፈሉ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በረድፍ ይቆማሉ። ጉሙ በረድፎቹ መሃል ሲገባ የፊቱ ይደምቃል፣ የኋላው ይገረጣል። ይህን የሚያወጣው ሩቁን የሚያቀርበው ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ነው። ሰፊው ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ የሚሰጣችሁ ግራጫ ብቻ ነው።

ካሜራው ነጩን ጉም ግራጫ ሊያደርገው ስለሚፈልግ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) ከ⅔ እስከ 1 ስቶፕ እጨምራለሁ (1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል)፤ ነጩ ዝርዝሩን እንዳያጣ ግን ዓይኔ ከሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት ከሚያሳየው ግራፍ) ቀኝ ጫፍ አይነቀልም። አውቶፎከሱ (በራሱ የሚያጠራው) ጉም ላይ ሲንከራተት የአንዱን ዓምድ ጠርዝ አስይዤ ወደ ማንዋል (በእጅ) እቀይራለሁ። ኋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በአውቶ አልተወውም፤ ከብረት ኦክሳይድ የመጣውን ብርቱካናማ ቀለም ያደበዝዘዋል። ድንጋዩ ሲርስ ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ወዲያው ድረሱ። ወደ ሞቀ መኪና ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ዝጉበት፤ አለዚያ ሌንሱ ላብ በላብ ይሆናል።

ያልቆረጥኩት የሸተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ነው። ብዙዎች ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) አድርገው 20 ሰከንድ ይከፍታሉ፤ ለእኔ ጉሙ አጥሚት ይመስለኛል። ለጊዜው በ1/60 እና በ1/125 ሰከንድ መካከል ነኝ።