ሂራልዳን በውሃ ቀለም እንዴት ሳልሁት

በስፔን ሴቪያ ከተማ የሚገኘውን የሂራልዳ ግንብ ለመሳል ስነሳ አርአያ ያደረግሁት እ.ኤ.አ. በ1833 በዚያች ከተማ የሠራውን ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ ዴቪድ ሮበርትስን ነበር። የሮማንቲክ ዘመን ሠዓሊዎች ሰዎችን ከሕንፃው ግርጌ አሳንሰው፣ ጥላውንም አርዝመው ግንቡን ከልኩ በላይ ያገዝፉታል። ይህን ስልታቸውን ተከትያለሁ፤ ጭጋጋቸውን ግን ትቻለሁ፤ ሂራልዳ የሚያምረው ድርብርብ ታሪኩ ከሩቅ ጥርት ብሎ ሲታይ ነውና።

ግንቡ ያኔ ሴቪያን ይገዙ በነበሩት ሙስሊም ነገሥታት፣ በአልሞሃዶች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1184 የመስጊድ ሚናራ ሆኖ ተጀምሮ በ1198 ተጠናቀቀ። ከተማዋ በ1248 በክርስቲያኖች እጅ ገባች፤ በሚናራው አናት ላይ ያለው የዛሬው የደወል ቤት ግን የተሠራው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ ከ1558 እስከ 1568፣ በአርክቴክቱ ሄርናን ሩዪስ ነው። እኔም ቀለሙን በዚሁ ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ደረብሁ። ከሮማውያን ሕንፃዎች ለተወሰዱት የመሠረት ድንጋዮች ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ፣ ለጡቡ ደግሞ በውሃ የቀጠነ ቢጫማ አፈር ቀለም ቀባሁ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ጠበቅሁ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ በጡቡ ላይ እንደ መረብ የተጠላለፈው ጌጥ ነው። መስመሩን ከመሳል ይልቅ በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ያለውን ጥላ ብቻ በቀጭን ብሩሽ፣ ቡናማና ሰማያዊ ቀላቅዬ ነካ ነካ አደረግሁት፤ ጌጡ ራሱ ከሥር ባለው ስስ ቀለም ወጣ። መስኮቶቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። ውስጡ ደረጃ ሳይሆን 35 ተዳፋት መንገዶች ስላሉት መስኮቶቹ መወጣጫውን ይከተላሉ፤ ስለዚህ በአንዱ ገጽ ያሉት ከጎረቤቱ ገጽ ጋር ትይዩ አይሆኑም። ይህን በእርሳስ ንድፉ ላይ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

ሚናራውና የደወል ቤቱ የሚገናኙበትን መስመር ማለስለስ ሥዕሉን ያዋህደዋል የሚል ሠዓሊ አይጠፋም። እኔ አልስማማም፤ ሙአዚን አዛን ያሰማበትና ደወል የሚደወልበት ስፍራ አንድ ላይ መቆማቸው የሚታወቀው በዚያ መስመር ነው። ስለዚህ ጠርዙን ስል አድርጌ ተውሁት፤ በደወል ቤቱ ቅስቶች መካከል የሚታየውን ሰማይም ከሁሉ አስቀድሜ ቀባሁ፤ በኋላ የሚጨመር ሰማያዊ የድንጋዩን ብርሃን ያደበዝዘዋልና። አናት ላይ ላለችው፣ እምነትን ለምትወክለውና ከነፋስ ጋር ለምትዞረው የነሐስ ሐውልት አንዲት ጠቆር ያለች የብሩሽ ነጠብጣብ በቂ ሆነች።