የእርከን ሥራን በጉልበት ገበያ ቀን መቁጠሪያ ማቀድ፦ ከደቡብ ወሎ የሴፍቲኔት ሥራ የተማርኩት

በደቡብ ወሎ በአንድ ወረዳ በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ስሠራ፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረውና ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦች እየሠሩ እህል ወይም ገንዘብ በሚያገኙበት የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ቀበሌዎችን የተፋሰስ ሥራ የማቀድ ኃላፊነት ነበረብኝ። ዕቅዱን የጀመርኩት ከተራራው ተዳፋት ሳይሆን ከጉልበቱ ነው፤ ገበሬው መቼ በቀዬው እንደሚገኝ፣ መቼስ ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻ እንደሚወርድ ሳይታወቅ በወረቀት ላይ የሚሰፍር የእርከን ርዝመት ብዙም አይጠቅምም።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ለ1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ ለድንጋይ እርከን ደግሞ 250 የሰው ቀን (የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ) ይያዛል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር የሚታሰበው 5 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ለቀኑ በ3 ኪሎ እህል መነሻ ከተሰላ 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን አራት ኩንታል ተኩል እህል ይወስዳል።

የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይከናወናል፤ የወሎ ደጋ ግን በእነዚሁ ወራት በልግ ያርሳል። በተጨማሪም በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ያለክፍያ ለተፋሰስ ዘመቻ ይወጣል፤ ያው አንድ ወገብ ነው ለሁለቱም የሚጎነበሰው። ስለዚህ በደጋ ቀበሌዎች ከባዱን የድንጋይ ካብ ወደ ጥር አመጣሁት፣ በበልግ እርሻ ወቅት ሥራውን አቀዘቀዝኩት፣ ወጣቶቹ ለሰሊጥ አረም መውጣት በሚጀምሩበት በሰኔ ደግሞ ለሴቶችና ለቀሩት ሰዎች የሚመቸውን የሣርና የችግኝ ተከላ አስቀመጥኩ።

በመስክ ላይ ትልቁን ጊዜ የወሰደብን ልኬት ነበር። 10 ሜትር ሲባጎ በሁለት እኩል እንጨቶች ላይ ወጥሮ፣ የውሃ ልኩን መሐሉ ላይ አንጠልጥሎ፣ አረፋው መሐል እስኪቆም ድረስ አንደኛውን እንጨት ሽቅብ ወይም ቁልቁል ማስኬድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልኩ የሳተ እርከን ግን ጎርፉን አንድ ቦታ ላይ አከማችቶ ቦረቦር ያወጣል። ክፍያ በዘገየባቸው ወራት ይህ ጥንቃቄ ወዲያው ይላላል፤ ሰዉም አይፈረድበትም፣ ፍየሉን ከመሸጥ ሌላ ዘንድ የቀን ሥራ መግባት ይሻለዋል። ድርቅን የሚቋቋም ቀበሌ እንገነባለን ካልን የደመወዝ መዝገቡ ከእርከኑ እኩል የመሬት ጥበቃ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከከብት ንክኪ ነጻ የሆነውን ተራራ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ማኅበር ስንሰጥ ሌላ ነገር ገጠመን። ሣሩ የሚደርሰው ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ስለሆነ፣ የመተማ የቀን ሂሳብ ሲወደድ አባላቱ ይሄዳሉ። በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ፣ የማይገኝ አባል ድርሻውን የሚያጭድለት ሰው በገንዘብ ይቅጠር የሚል አንቀጽ አስገቡ፤ በዚህም ከተራራው በታች ያሉ ባልቴቶችና ተማሪዎች በጥቅምት የቀን ሥራ አገኙ።